አርት ስኩል ልግባ ወይስ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልማር? (ከአንድ የደሴ ልጅ)

ሰላም ነው ያ ጀመዓ። ለአረፋ ደሴ ገብቼ ነበር፣ ጦሳ ጉሙን እንደለበሰ ነው፣ እናቴ ቤት አቦሉ ሳይወርድ ጎረቤታችን ከስዊድን የመጣች ልጇን ይዛ ከች። ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው፣ ለጌም ኮንሰፕት አርት መስራት እፈልጋለሁ ትላለች፣ እናትየው ደግሞ "አንተ እዛው ስራ ላይ ስላለህ ንገራት፣ ትማር ወይስ ይሄ ዩቱብ ይበቃታል?" ማታ ደግሞ ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ደውሎ ቁርጥ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። ለሷ ግቢ አልኳት፣ ለሱ አትግባ አልኩት። ሁለቱ ተደዋውለው መልሴን ሲያስተያዩ ውሸታም ሆኜ ቀረሁ፣ ስለዚህ ለሁላችሁም አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

መጀመሪያ ለወላጆች፣ ኮንሰፕት አርት ማለት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስዕል አይደለም። ጌሙ ወይ ፊልሙ ከመሰራቱ በፊት ሰውየው፣ ቤቱ፣ ጋሪው፣ ሰይፉ ምን እንደሚመስልና እንዴት እንደሚሰራ ተስሎ ይታያል፣ ከዛ በኮምፒውተር የሚገነባው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ስዕልህ ለሚቀጥለው ሰራተኛ ነው የሚሄደው፣ ልክ ለግንበኛ እንደሚሰጥ ፕላን። ይሄን ካልገባህ ትምህርት ቤትም ብትገባ ዩቱብም ብታይ ዞሮ ዞሮ ቆንጆ ስዕል ብቻ ነው የምትስለው።

እኔ እጄን የፈታሁት ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ታፔላ ጻፊ ጋር ነው። ቀለም እየበጠበጥኩ፣ ፊደል እየሞላሁ፣ አልፎ አልፎ የምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ዶሮ እየሳልኩ። ከዛ ዲቪ ደረሰኝ፣ አሜሪካ ገባሁ፣ ማታ ማታ ፓርኪንግ እሰራለሁ፣ አንድ ቀን ኦንላይን ስልኬን ያስገባሁበት የግል አርት ስኩል ደወለልኝ። የደወለችው ሴትዮ አቤት ምላሷ! ሁለት ቀን ሳይሞላ ሎኑን ፈርሜያለሁ። ለአባቴ ደውዬ ስነግረው ዝም አለ፣ ከዛ "በወለድ ተበድረህ ዶሮ ልትስል ነው?" አለኝ። ሳቅኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያለ ዲግሪ ስወጣ ሳቁ ጠፍቶ እዳው ቀረ፣ እሱን ስከፍል 9 ዓመት ፈጀብኝ።

ግን ደግሞ ልዋሽ አልችልም፣ እዛ ትምህርት ቤት አንድ ነገር አግኝቻለሁ። ክፍል ካለቀ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ኮምፒውተር ላብ ውስጥ የምንቀር አምስት ልጆች ነበርን፣ አንዱ የአንዱን ስራ ያለ ርህራሄ ይቦጫጭቃል። "ይሄ ሰውዬ እግሩ መሬት አልነካም"፣ "ይሄ በር በየት በኩል ነው የሚከፈተው?" እየተባባልን። ካቋረጥኩ በኋላም እሁድ እሁድ ማታ በስካይፕ ቀጠልን፣ እጄ በደንብ የተለወጠው ያኔ ነው፣ የመጀመሪያ ስራዬንም የሰጠኝ ከአምስቱ አንዱ ነው። ያ ሁሉ ብር የተከፈለው ለካ ለነሱ ነበር።

እና አርት ስኩል የሚሸጥልህ እውቀት ነው ብለህ አታስብ፣ እውቀቱማ በነፃ ተዘርግቷል። ፐርስፔክቲቭ (ቅርቡን ቅርብ፣ ሩቁን ሩቅ አስመስሎ መሳል) ከዜሮ ለመጀመር ድሮዋቦክስ የሚባል ድረገፅ አለልህ፣ 250 ሳጥን ያስስልሃል፣ አሰልቺ ነው ግን ሳለው። ፌንግ ዙ የሚባለው ዲዛይነር ስንት ሰዓት የሚፈጅ ትምህርት ዩቱብ ላይ ጭኗል። ፎቶሾፕ መግዛት ካቃተህ ክሪታ ነፃ ነው፣ ለስሪዲ ብሌንደር ነፃ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚሸጥልህ ስራህን የሚያርም ሰው፣ የማታመልጠው ዴድላይን፣ አብሮህ የሚያድግ ጓደኛና ወረቀት ነው። አራቱን ሌላ ቦታ በርካሽ ማግኘት ከቻልክ አትግባ፣ ካልቻልክ ግባ ግን ርካሹን ፈልግ።

ወረቀቱን ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ ስቱዲዮ ፖርትፎሊዮ (የስራህን ስብስብ) እንጂ ዲግሪ አያይም ይልሃል፣ እውነቱን ነው፣ እኔም ሰው ስንቀጥር ዲግሪ አለህ ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ኢሚግሬሽን ግን ይጠይቃል! አሜሪካ በተማሪ ቪዛ ያለህ ልጅ ስትመረቅ ኦፒቲ በሚሉት የተመራቂ የስራ ፈቃድ 12 ወር ትሰራለህ፣ ከዛ ቀጣሪህ ኤችዋንቢ የሚሉትን የስራ ቪዛ ላውጣልህ ቢል ቢያንስ ባችለር ዲግሪ ወይ ተመጣጣኙን ይፈልጋሉ። ግሪን ካርድ ካለህ ወይ ዜጋ ከሆንክ ይሄ አይነካህም። የአክስቴ ልጅ ዜጋ ነው፣ ስለዚህ ወረቀት ለሱ ጌጥ ነው።

ብሩ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሐበሻ ቤት የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስመ ጥር የግል አርት ኮሌጆች ለትምህርቱ ብቻ በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ፣ አራት ዓመት አባዛው፣ ኪራይና እንጀራው ገና አልተቆጠረም። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ ድጋፍ፣ ስደተኛም ብትሆን ጥገኝነት ካገኘህ ማመልከት የምትችለው፣ በ2024/25 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። እሱ ኮሚኒቲ ኮሌጅ (ርካሹ የሁለት ዓመት የመንግስት ኮሌጅ) ላይ ትልቅ ነገር ይሸፍናል፣ የግል ኮሌጅ ላይ ግን ምንም። የሰው ሞዴል እያዩ መሳል፣ ፐርስፔክቲቭ፣ ቀለም፣ ብዙ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ያስተምራል፣ አናቶሚው እዛም እዚህም ያው አጥንት ነው።

ትልቅ ስም አይዘጋም እንዳትሉኝ ደግሞ። በየስቴቱ ካምፓስ የነበረው ዘ አርት ኢንስቲትዩትስ በ2023 ሴፕቴምበር ላይ የቀሩትን 8 ካምፓሶች ዘጋ፣ በዓመቱ የአሜሪካ መንግስት ለ317,000 ያህል የቀድሞ ተማሪዎቹ 6.1 ቢሊዮን ዶላር ብድር ሰረዘላቸው። ፊላደልፊያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ አርትስ ደግሞ በ2024 የሳምንት ማስታወቂያ ሰጥቶ ጁን 7 ተዘጋ። በሳምንት! እኛ እድር እንኳን ለማፍረስ ስንት ስብሰባ ነው የምንቀመጠው። የወለድ ነገር ሐራም ነው ብለው የሚጨነቁ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፣ ልጆቹ "አባዬ አይገባውም" ይላሉ፣ እኔ ግን ሃይማኖቱን ትቼ በካልኩሌተር ብቻ አስቤውም አባቴ ነው ልክ የወጣው።

የስዊድኗ ልጅስ ለምን ግቢ አልኳት? እዛ ይርከስሆግስኩላ የሚሉት የሙያ ትምህርት አለ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ላላት ልጅ ክፍያ የለውም፣ ማልመ ያለው ዘ ጌም አሴምብሊን የመሰለ ጌም ብቻ የሚያስተምር ቤትም እዛው ስር ነው፣ ከትምህርቱ ውስጥ ስቱዲዮ ገብተው የሚሰሩበት ጊዜ አለው። ያው አራቱም ነገር በነፃ ማለት ነው። ይሄን ትታ ክፍሏ ተዘግታ ዩቱብ ብታይ እኔ ራሴ እቆጣታለሁ። ጀርመን ያላችሁም የመንግስት ዩኒቨርሲቲዎቹን እዩ፣ አብዛኛው ክፍለ ሀገር ላይ የትምህርት ክፍያ የለም፣ ግን ማፐ የሚሉት የስራ ስብስብ ተመዝኖ ነው የሚገባው፣ ቀድማችሁ ካልሳላችሁ በሩም አይከፈትም።

ብቻውን የሚማረውን ሰው የሚገለው ስንፍና አይምሰላችሁ። የሚገለው የሚያርመው ማጣት ነው። ሶስት ዓመት ቲቶሪያል ሲያይ፣ ብሩሽ ዳውንሎድ ሲያደርግ፣ አንዱን ስህተት ሺ ጊዜ ሲደጋግም የኖረ ልጅ አውቃለሁ፣ ጎበዝ ነው እኮ፣ ግን አንድ ሰው "የአድማስ መስመርህ የት ነው?" ቢለው በአንድ ቀን ይስተካከል ነበር። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከ1280ዎቹ የቆየ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል አለ፣ ሥዕል ያለበት፣ እነዚያ ሠዓሊዎች ይሄ ሁሉ ክርክር የላቸውም፣ የኛ ሀገር ሠዓሊ ከመምህር ስር ቁጭ ብሎ ቀለም እየፈጨ ነው የሚማረው። ስለዚህ ብቻህን ከሆንክ አራት ሰው ፈልግ፣ ሐበሻ መሆን የለባቸውም፣ ካንተ ትንሽ የሚሻሉ ይሁኑ፣ በሳምንት አንድ ቀን ስራ ይዞ መቅረብ ግዴታ ይሁን፣ ያልያዘ ይቀጣ። በመጀመሪያው ስድስት ወር በቀን ሁለት ሰዓት ሳጥን፣ ሲሊንደር፣ ጥቁርና ነጭ ብርሃን፣ ቀለም አትንካ። ስድስት ወር ያለ ብር መቆየት ካልቻልክ በብርም አትቆይም፣ ይሄን ስል የሚቆጣኝ አለ፣ ይቆጣ።

የአክስቴን ልጅ ፖርትፎሊዮ አየሁት። ድራጎን፣ ሳሙራይ፣ እንደገና ድራጎን። አብሽር እጅህ ጥሩ ነው፣ ግን ይሄን ሺ ሰው ስሎታል አልኩት። አንተ የወሎ ልጅ ነህ፣ ቤተ ጊዮርጊስን ሳለው፣ ግን እንደ ፖስትካርድ አይደለም። ከላይ ወደ ታች ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ 12 ሜትር ያህል ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ቤት ነው፣ ታዲያ ክረምት ሲመጣ ውሃው የት ይሄዳል? ጣሪያው ላይ የተቀረፀው መስቀል ላይ የወረደው ዝናብ በየት ይወርዳል? የቆፈሩት ሰዎች አስበውበታል፣ ማፍሰሻ ሰርተውለታል። እሱን የሚያሳይ አንድ ገፅ፣ ተቆርጦ ውስጡ የሚታይ፣ ከአስር ድራጎን ይበልጥብኛል። ወይ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርደውን ግመል ውሰድ፣ ጭነቱ በየት በኩል ነው የሚታሰረው፣ ሲንበረከክ ለምን አይዞርም? አርት ዳይሬክተር የሚፈልገው ይሄን ነው፣ ሃያ ትንንሽ ሙከራ፣ ከዛ ሶስት የተመረጠ፣ ከዛ አንዱ ከጎን ከፊት ከኋላ፣ ማሰሪያው ለብቻ ጎልቶ። ሙሉ ፖርትፎሊዮህ 12 ወይ 15 ስራ ይበቃዋል፣ ደካማውን አውጣ፣ የሚመዘነው በደካማው ነው።

ኤአይ ስራውን በላው ለምትሉ፣ ከ2022 ወዲህ ነገሩ ተለውጧል፣ ጌም ስቱዲዮዎችም 2023 እና 2024 ላይ ብዙ ሰው ቀንሰዋል፣ ጀማሪ የሚገባበት በር ጠቧል። ለኔ ይሄ መሳል አቁም አይደለም፣ 200,000 ዶላር አትበደር ነው የሚለኝ። የቀን ስራችሁን አትልቀቁ፣ ነርሲንግ የምትማር ልጅ ማታ ብትስል ማንም አይከለክላትም፣ እናቷም ይረጋጋሉ።

የስዊድኗ ልጅ የዛን ቀን ታብሌቷን አውጥታ ያሳየችኝ ጀበና ነበር፣ ያምራል፣ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እናቴ ከጎኔ አየት አድርጋ "ይሄማ ይደፋል" አለች። የጀበናው ቂጥ ክብ ነው፣ ማቶት የለውም። ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም፣ ከዛ ተነስታ ረከቦቱ ጋር ሄዳ ማቶቱን በእጇ አንስታ አገላበጠችው። ባለፈው ሳምንት አዲሱን ላከችልኝ፣ እጀታው አሁንም ጠማማ ነው፣ ማቶቱን ግን ለብቻ ከላይና ከጎን ስላዋለች።