«ይህን ስም ከተውሁት ማንን ልጥራ?»

ባለፈው ሳምንት አንዲት የነርስነት ተማሪ ጻፈችልኝ። አያቷ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሙ ጠዋት እየመጣ «እንዴት አደሩ?» ይላል፤ አያቷ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ እሷ በሁለቱ መካከል ቆማ ታስተረጉማለች። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ «ጋሼ፣ እግዚአብሔር የሚለውን በዕብራይስጥ ምን ልበለው? ሀሼም? አዶናይ? ኤሎሂም? ወይስ ዝም ብዬ ልለፈው?»

በአንድ መስመር ልመልስላት ተቀመጥሁ፤ አልቻልሁም። በዚህ አገር፣ በእስራኤል፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዕብራይስጥ አስተምሬያለሁ፣ በክሊኒክና በፍርድ ቤት አስተርጉሜያለሁ። በዚህ ቃል ላይ ግን አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሳስቻለሁ። ስሕተቱን እስካሁን የነገርሁት ለባለቤቴ ብቻ ነው። እናንተም እንደ እኔ በሁለት ቋንቋ መካከል የቆማችሁ ስለሆናችሁ ለሁላችሁም ልጽፈው ወደድሁ።

እኔ ከቤተ እስራኤል፣ ከኢትዮጵያ አይሁድ፣ ወገን ነኝ፤ እዚህ የደረስሁት እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 «ዘመቻ ሰሎሞን» በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ከአዲስ አበባ ሲያመጣ፣ ቋንቋውን የምናውቅ ወጣቶች ሁሉ ለሥራ ተጠራን። የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ። ብዙ ሰው ያረፈው በየሆቴሉ ስለነበር እኔም በባሕሩ ዳርቻ ወዳለ አንድ ሆቴል ተላክሁ። የሠርግ አዳራሹን መማሪያ ክፍል አደረግነው። ጠዋት ጠዋት እናቶች ሕፃን አዝለው፣ ሽማግሌዎች በትራቸውን ይዘው ይገቡና ለሠርገኛ በተዘጋጁት ወንበሮች ላይ ይቀመጡ ነበር።

ከኋላ መስመር አንድ ቄስ ይቀመጣሉ፤ በእኛ በቤተ እስራኤል ቄስ የምንለው የራሳችንን ካህን ነው። የወገራ ሰው ናቸው። ነጭ ጥምጥማቸው አንድ ቀን እንኳ ሲዛነፍ አላየሁም፤ ጭራቸውም ከእጃቸው አይለይም። ክፍላቸው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አሳንሰሩን ስላላመኑት ደረጃውን በእግራቸው ይወጡታል፤ ልጆቹ በአሳንሰር ቀድመዋቸው ደርሰው በር ላይ ይጠብቋቸዋል። ሌሊት ሳይነጋ ሰገነቱ ላይ ቆመው ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ይጸልያሉ። «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ሲሉ ድምፃቸው እስከ መንገዱ ይወርድ ነበር። ቀድሜ በመጣሁ ቀን ከታች ቆሜ እሰማቸዋለሁ። አባቴን ያስታውሱኛል። ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ ካምፕ ሳለን ማንነታችን እንዳይታወቅ አባቴ የሚጸልየው በከንፈሩ ብቻ ነበር፤ ድምፅ የሌለው ጸሎት ምን እንደሚመስል ያየሁት ያኔ ነው። እዚያው አፈር ለብሶ ቀረ።

አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ የዕብራይስጡን ምስጋና «ባሩክ ሀሼም» ብዬ ጻፍሁ። ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር አለው። ቄሱ ግን ተነሡ።

«ልጄ፣ ሀሼም ማለት ምን ማለት ነው?»

«‹ስሙ› ማለት ነው፣ አባ።»

«የማን ስም?»

«የእግዚአብሔር።»

«እኮ ስሙ ማን ነው?»

የዕለቱ ትምህርት ስለ አውቶቡስ ትኬት ነበር፤ ሰዓቱም ሄዶብኛል። እንዲህ አልኋቸው፦ «ስሙ አይጠራም፣ አባ። አራት ፊደል ነው። ሲጸልዩ አዶናይ፣ ሲያወሩ ሀሼም ይላሉ። እዚህ አገር እንዲህ ነው። እግዚአብሔር የሚለው ክርስቲያኖች የሚሉት የዚያ አገር ቃል ነው። አሁን ይተዉት።»

ወዲያው አልመለሱልኝም። ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። ከዚያ በቀስታ፦ «ልጄ፣ አባቴን የቀበርሁት በዚህ ስም ነው። ልጆቼን የባረክሁት በዚህ ስም ነው። ይህን ስም ከተውሁት ማንን ልጥራ?» አሉ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። «ይለምዱታል፣ አባ» ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርሁ።

ከዚያ ቀን በኋላም ከትምህርት አልቀሩም። ፊደሉን በሚያምር እጅ ይጽፉ ነበር። ሌሊት ግን ድምፃቸው ወደ መንገዱ አልወረደም። አንድ ጊዜ ቀና ብዬ ሳይ እዚያው ሰገነቱ ላይ ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። የአባቴን ጸሎት እያየሁ ነበር፤ ግን አላስተዋልሁም። እንዲያውም «ሥርዓቱን ለመዱት» ብዬ ደስ አለኝ።

ስለ ስሙ የነገርኋቸው ነገር ግማሹ ልክ ነበር። ግማሹን ያወቅሁት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማታ ማታ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የዕብራይስጥ ቋንቋ ታሪክ ስማር ነው። አራቱ ፊደላት ዮድ፣ ሄ፣ ቫቭ፣ ሄ ናቸው፤ በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ወደ 6,800 ጊዜ ያህል ይገኛሉ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3 ላይ ሙሴ ስሙን ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ «ኤህዬ አሼር ኤህዬ» ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ያለና የሚኖር» ይለዋል። ስሙን ከ«መሆን»፣ ከ«መኖር» ግስ ጋር ያያይዘዋል። በጥንት ዘመን ስሙ አይደበቅም ነበር። በዛሬዋ ዮርዳኖስ በዲባን እ.ኤ.አ. በ1868 የተገኘው የሞዓቡ ንጉሥ የሜሳ ሐውልት ላይ አራቱ ፊደላት ተቀርጸዋል፤ ሐውልቱ የዘጠነኛው መቶ ዘመን ቅድመ ክርስቶስ ነው። እስራኤልን ድል ነሣሁ ብሎ የሚፎክር የባዕድ ንጉሥ እንኳ ስሙን ያውቀው ነበር።

ከምርኮ በኋላ ግን ፍርሃቱ በረታ። በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን ሊቀ ካህናቱ በስርየት ቀን ስሙን ሲጠራ ሕዝቡ በግንባሩ ይደፋ እንደነበር ሚሽና የተባለው የአይሁድ ሊቃውንት ጥንታዊ የሕግ መጽሐፍ ይተርካል። ቤተ መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ70 ሲፈርስ የሚጠራበት ቦታም አብሮ ጠፋ። አንባቢ አራቱን ፊደላት በዓይኑ ያያል፣ በአፉ ግን «አዶናይ»፣ ጌታዬ ይላል። ከብዙ ዘመን በኋላ የጥብርያዶስ ሊቃውንት በተናባቢዎቹ ላይ የአናባቢ ምልክት ሲጨምሩ፣ አንባቢው እንዳይሳሳት በአራቱ ፊደላት ላይ የ«አዶናይ»ን አናባቢዎች አኖሩ። ይህን ያላወቁ የአውሮፓ አንባቢዎች ፊደሉንና ምልክቱን በአንድነት ሲያነቡት «ይሖዋ» የሚለው አነባበብ ወጣ። ብዙ ሊቃውንት ጥንታዊው አነባበብ «ያህዌ» ለሚለው ይቀርባል ይላሉ፤ በግሪክኛ የጻፉ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የተዉት አጻጻፍም ለዚህ ይረዳቸዋል። በስልካችሁ ላይ በዚህ ስትሰዳደቡ አያችኋለሁ፤ ያሳዝነኛል። ሁላችሁም «ሃሌ ሉያ» ትላላችሁ፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ያ» የዚያው ስም አጭር መጠሪያ ናት። ኤልያስ፣ ኢሳይያስ፣ ኤርምያስ ብላችሁ ወንድማችሁን ስትጠሩም እሷው ውስጡ አለች።

እኔን መጽሐፍ ያስከደነኝ ግን ይህ አልነበረም። ኦሪት ወደ ግሪክኛ ሲተረጎም በአንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች ላይ አራቱ ፊደላት በዕብራይስጥ እንዳሉ ተጽፈው ተገኝተዋል፤ በኋላ በተስፋፉት ቅጂዎች ግን በቦታው «ኪርዮስ» ገባ። ጌታ ማለት ነው፤ የ«አዶናይ» ትርጉም። በአክሱም ዘመን መጽሐፉ ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ሲመለስ ደግሞ በ«ኪርዮስ» ቦታ «እግዚአብሔር» ቆመ። እግዚእ ጌታ ነው፤ ብሔር አገር፣ ምድር፣ ዓለም ነው። የዓለም ጌታ።

ይህ ለቄሱ ከነገርኋቸው ጋር ሲነጻጸር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እኒያ ሰው በሕይወታቸው አራቱን ፊደላት በድምፅ ጠርተው አያውቁም። አባታቸውም አያታቸውም አልጠሩም። ስሙ በሚመጣበት ቦታ ሁሉ «ጌታ» ብለው አለፉ፤ በኢየሩሳሌም ያለው አንባቢ የሚያደርገውን፣ ዕብራይስጥ ሳያውቁ፣ በግዕዝ ያደርጉ ነበር። እኔ ሥርዓቱን ላስተምራቸው ሥርዓቱን አስተውኋቸው።

«ኤሎሂም»ም፣ አምላክ ማለት ነው፣ እንዲሁ ነው፤ እሱን ላሳጥረው። መጨረሻው «ኢም» የብዙ ቁጥር ምልክት ነው፤ ግሱ ግን በነጠላ ይመጣል፤ በኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያው ቁጥር ላይ «ፈጠረ» እንጂ «ፈጠሩ» አይልም። የእኛው «አምላክ»ም በግዕዝ አሠራሩ የብዙ ቁጥር ቅርጽ ኖሮት ለአንዱ የሚነገር ቃል ነው። ይህን ሳነብ የሚነግሩኝ አስተማሪ ሳይሆን የምነግራቸው ሰው ናፈቀኝ።

ቄሱ በዚያን ጊዜ ዐርፈው ነበር። ቀብራቸው ላይ ተገኝቻለሁ፤ ግን ገና አልተማርሁም ነበር።

በኋላ ተማሪዎቼን ይዤ ኢየሩሳሌም ወደሚገኘው የእስራኤል ሙዚየም ሄድሁ። እዚያ ሁለት ቀጫጭን የብር ቅጠሎች አሉ። ጋብርኤል ባርካይ የተባሉት አርኪኦሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1979 ኬቴፍ ሂኖም ከሚባለው ቦታ፣ ከመቃብር ዋሻ ውስጥ ያገኟቸው ናቸው። በአንገት የሚንጠለጠሉ ጥቅልሎች ነበሩ፤ ሳይሰበሩ ለመዘርጋት ብቻ ዓመታት ፈጅቷል። ትንሿ ስትዘረጋ ቁመቷ አራት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ዕድሜያቸው ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ነው። የተጻፈባቸው ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 ላይ ያለው የካህናት ቡራኬ ነው፤ አራቱ ፊደላትም አሉበት። ልጆቹ «ምን ይላል?» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይባርክህ፥ ይጠብቅህም» ብዬ መተርጎም ስጀምር ድምፄ ተቋረጠ።

ቤተሰቦች ከሆቴሉ ጊዜያዊ ቤቶች ወዳሉባቸው የካራቫን መንደሮች በሚዛወሩበት ሳምንት ቄሱ ጠርተውኝ ነበር። የማገባበት ጊዜ መድረሱን ሰምተዋል። ጎንበስ ስል እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ቡራኬውን ለሃምሳ ዓመት ሲሉት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሲቀናቸው እንደ ወንዝ ነበር የሚወርደው። ለእኔ ግን እየቆራረጡ፣ ምላሳቸው እየከበደ፣ «ሀሼም… ይባርክህ… ሀሼም… ይጠብቅህ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ሳያነሡ ቀና አድርገው ዐዩኝ፤ ተማሪ መልሱን ለአስተማሪ ሰጥቶ እንደሚያይ። ትክክል ብያለሁ ወይ ነው ጥያቄያቸው። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

እዚያ የመስታወት ሣጥን ፊት ቆሜ ያየሁት ያንን ነበር። ልጆቹ አሞኝ መስሏቸው ወንበር አመጡልኝ።

እንግዲህ ምክር ከሆነ፦ ዕብራይስጡን እስከ ሥሩ ተማሩት። ሦስት መስመር በስልክ አንብባችሁ አያቶቻችሁን አታርሙ። የዛሬ ልጆች አውቶቡስ ውስጥ እናታቸው በአማርኛ ጮክ ብላ ስታወራ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሲጭኑ አያለሁ፤ ያኔ የቄሱ ጥምጥም ይታየኛል። ይህን እያልሁ ግን የልጅ ልጆቼ በዕብራይስጥ ሲያወሩ ስሙን እንደ ተራ ቃል ሲወረውሩ እቆጣለሁ፤ «ሀሼም በሉ» እላለሁ። ስሙን የመፍራት ሥርዓት ውብ ሥርዓት ነው፤ አልተውሁትም። ሁለቱ ይጋጩ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ሁለቱንም ይዤ እኖራለሁ። በነገራችን ላይ የዕብራይስጡ «ሼም» እና የእኛ «ስም» አንድ ቃል ናቸው፤ ቄሱ «ስሙ ማን ነው?» ያሉ ቀን ይህን ብቻ ብነግራቸው ፊታቸው ይበራ ነበር።

አንቺ ልጄ፣ ለሐኪሙ «ባሩክ ሀሼም» በይው፤ ትክክለኛው ትርጉም እሱ ነው። ግን በዚያ አታብቂ። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ «ደኅና ናት» ብሎ ይጽፋል፤ እኔ ራሴ በክሊኒክ ሳስተረጉም ስንት ጊዜ ሲጻፍ አይቻለሁ። የአያትሽ አገር ሰው ሕመሙን ከመናገሩ በፊት መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ምስጋናው መልስ አይደለም፣ የንግግሩ በር ነው። ስለዚህ ሐኪሙን ጥቂት እንዲቆይ ለምኚው፤ እጃቸውን ያዢና «እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» ብለሽ በአማርኛ ጠይቂያቸው። ቃሉን እንዳለ፣ ሙሉውን በይው። ሲሻላቸው ደግሞ መንደራቸው የት እንደነበር ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ወገራ ከሆነ ምናልባት ቄሱን ያውቋቸው ይሆናል።