ሳነቴ ላይ «ያለቀው» ጋዝ

«ጋሼ፣ ሚኒባሴን መኝታ አበጅቼላት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከሐዋሳ ወደ ባሌ ወጣን። ሲሊንደሩን ከወንበር ስር አጋድመን ነበር የያዝነው። ሳነቴ አድረን ጠዋት ሻይ ልናፈላ ስንል እሳቱ ድክም ብሎ ጠፋ። ጋዙ አለቀ ብለን ጎባ ወርደን ሆቴል በላን። ሐዋሳ ስንመለስ ያው ሲሊንደር ቦግ ብሎ ነደደ! ምን ጉድ ነው? ለሚቀጥለው ጉዞስ ስንት ቀን እንደሚበቃን በምን እንወቅ?»

ወንድሜ፣ ጋዝህ በርዶት ነው እንጂ አላለቀም። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፤ የሚነደው ሲተን ነው። የማብሰያ ጋዝ የፕሮፔንና የቡቴን ቅልቅል ነው። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል። ቡቴን ግን ዜሮ አካባቢ ሲደርስ እምቢ ይላል። ፕሮፔኑ ቀድሞ ስለሚወጣ ደግሞ ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲሄድ የሚተርፍህ ሰነፉ ቡቴን ነው። አሞራ ገደል ዓሳ ለሚጠብስ ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ ሐዋሳ መች ይበርድና። ሳነቴ ግን 4000 ሜትር ላይ ነው፣ ሌሊት ውርጭ አለ።

መላው ቀላል ነው። ሲሊንደሩን ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁመው። ለብ ያለ አልኩ፣ የፈላ አይደለም። ውሃው ከየት ይምጣ ካልከኝ፣ ማታ በፔርሙስ ሞልተህ እደር። እሳት እንዳታስጠጋ! አንድ ደንበኛዬ ከሲሊንደር ስር ከሰል ሲያቀጣጥል አይቼ እግሬ አውጪኝ ብያለሁ።

መጠኑን ማወቅ ከፈለግክ በመወዝወዝ አትድከም፤ መዝነው። ባዶ ክብደቱ ሲሊንደሩ አንገት አካባቢ ተቀርጿል። 21 ኪሎ ከመዘነና ባዶው 14.5 ከሆነ፣ 6.5 ኪሎ ጋዝ አለህ። መካከለኛ ምድጃ በሰዓት 150 ግራም ገደማ ይበላል። በቀን ሦስት ሰዓት ብታበስሉ ሁለት ሳምንት ያህል ይዘልቃል። ባሌ ላይ ግን ከዚህ ቀንስ፤ ሳነቴ ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ምግቡ ቶሎ አይበስልም። ምስር ይዘህ ከወጣህ ጋዝህን ጥርግ አድርጋ ትበላዋለች። በሶ ያዝ።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ። ሲሊንደር አይጋደምም! ተጋድሞ ከተከፈተ ፈሳሹ ራሱ ወደ ሬጉሌተሩ (ሲሊንደሩ ራስ ላይ የሚገጠመው የጋዝ መቆጣጠሪያ) ይመጣና እሳቱ ይንበለበላል። አቁመህ በጠፍር እሰረው፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ የሲሊንደሩን ቁልፍ ዝጋ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ልጆቹ በተኙበት ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ መስኮት መክፈት ብቻውን አያስወጣውም። ሲሊንደሩ ያለበት ቦታ ወለሉ ላይ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ይኑረው። ማታ ብርዱ ቢያንገበግባችሁም ምድጃውን ለማሞቂያ አታብሩ፣ ከሰልማ ጭራሽ። ጭሱ ሳይታይ ይገድላል።

ኮረኮንቹ ማሰሪያ ያላላል። ስለዚህ ባደራችሁበት ሁሉ ከማብሰላችሁ በፊት የጋዙን ቱቦና ሬጉሌተሩን የሳሙና አረፋ ቀባ ቀባ አድርጉበት። አረፋው ከተነፋ ቁልፉን ዘግተህ ጎሚኒውን (መገጣጠሚያው ውስጥ ያለችውን የጎማ ቀለበት) ቀይር።