መዝገቦችሽን ይዘሽ ወደ ማስተማሩ ግቢ

ጠያቂያችን ከአያት ወዲያ፣ ወደ ለገጣፎ መውጫ ላይ ቢሮ ከፍታ የምትሠራ ጠበቃ ናት። ደብዳቤዋ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «36 ዓመቴ ነው። 11 ዓመት በቤትና በመሬት ክርክር ሠርቻለሁ። ያለኝ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው። ደንበኛ አላጣሁም፤ ግን አንድ ዓይነት ጉዳይ ደጋግሞ ይመጣል። የመንደር ውል፣ ውክልና፣ የካሳ ክርክር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማስተማርና መመራመር እፈልጋለሁ። ዘግይቻለሁ? ቢሮውንስ ልዝጋው?»

እህቴ፣ አልዘገየሽም። ቢሮውን ግን አሁን እንዳትዘጊው።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት «አንድ ዓይነት ጉዳይ ደጋግሞ ይመጣል» ያልሽውን ነው። አንቺ ሰልችቶሽ ነው የጻፍሽው። እኔ ግን የምርምር ጥያቄ ሆኖ ነው የታየኝ። ጠበቃ መዝገቡ ሲዘጋ ሥራው ያልቃል። ተመራማሪ ደግሞ አሥር የተዘጋ መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄ ነገር ለምን አያልቅም?» ብሎ ይጀምራል። አንቺ ጥያቄውን ጠይቀሻል። ያልሠራሽው መልሱን መፈለግ ነው።

የመንደር ውሉን፣ በሽማግሌ ፊት ብቻ የሚፈረመውን፣ እንውሰድ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ ተረጎመው፤ እንዲህ ያልተደረገ ውል አይጸናም ማለት ነው። በአዋጅ 454/1997 መሠረት ደግሞ የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድድ ነበር፤ ዛሬም ያስገድዳል። ይህን ተኝተሽም ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ሠፈርሽ ነይ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሰዉ ግን «ጎጆ ቤት ገዛሁ» ብሎ ከገበሬው ላይ ቦታ ይገዛል። ሦስት ሽማግሌ ይፈርማል፣ ብር ይቆጠራል። ካርታ የለም። ካርታ ከሌለ ደግሞ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ውሉን ማስመዝገብ አይቻልም። ከዓመታት በኋላ አስፋልት ይገባል፣ ዋጋው ሰማይ ይነካል። ሻጩ ወይም ልጆቹ «ውሉ አይጸናም» ብለው ይከሳሉ። ውሉ ይፈርስና ገዢው ያኔ የከፈለውን ብር ተቀብሎ ይወጣል። በዚያ ብር ዛሬ አንድ ክፍል ቤት እንኳ አይሠራበትም። አንቺ አንዴ ከገዢው፣ አንዴ ከሻጩ ጎን ቆመሻል። ሁለቱንም አይተሻል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰውን ከመታለል ለመጠበቅ የታሰበ ደንብ፣ መመዝገቢያው በር በተዘጋበት ሰው ላይ ምን ሆኖ ያርፋል? ይህ ጥሩ የማስተርስ ጥናት ይወጣዋል። ከአንቺ ይበልጥ በቅርብ የሚያውቀው ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም። ደግሞ የት እንደተቀመጥሽ አስቢ። ቢሮሽ ወሰን ላይ ነው። ለገጣፎ በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ወዳለችው ሸገር ከተማ ገብታለች፤ አንዱ ደንበኛሽ በአዲስ አበባ፣ ጎረቤቱ በኦሮሚያ አስተዳደር ሥር ነው። አፋን ኦሮሞ የምትችዪ ከሆነ በደብዳቤሽ ላይ አለመጻፍሽ ያስቆጫል። የማትችዪ ከሆነ ዛሬውኑ ጀምሪ። የዚያኛውን ወገን መዝገብ ሳያነቡ ስለ ከተማዋ ዳር መሬት መጻፍ አይቻልም።

ስለ ዲግሪው በግልጽ ልንገርሽ። ቋሚ መምህር ለመሆን ማስተርስ ያስፈልግሻል። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠሩ ረዳቶች በብዛት ገና የተመረቁና ውጤታቸው ከፍ ያለ ልጆች ናቸው። በዚያ በር ከእነሱ ጋር አትጋፊ። ስድስት ኪሎ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ጠይቂ፤ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተምራል። ሲኤምሲ አካባቢ ያለው ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ለቢሮሽ ይቀርባል፤ የከተማ መሬት ጉዳይም የቆየ ሥራው ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለው፤ ርቀቱ ግን ከቀጠሮሽ ጋር አይሄድም።

ማስተማሩን ደግሞ ቀድመሽ ቅመሺው። አንድ ኮርስ በትርፍ ሰዓት ያዢ። ከዚህ በፊት ያማከርኩት አንድ ጎበዝ ተከራካሪ የመጀመሪያ ቀን የሁለት ሰዓቱን ትምህርት በአርባ ደቂቃ ጨርሶ ዝም አለ። ችሎት ላይ የሚሰማው ሰው ሕጉን ያውቃል። ክፍል ውስጥ ግን «ይዞታ» እና «ባለቤትነት» ለምን እንደሚለያዩ ከሥሩ ማስረዳት አለብሽ። ተማሪ ደግሞ የምታምኚበትን ብቻ ሳይሆን ተቃራኒውንም ክርክር እኩል አጠንክረሽ እንድታሳዪው ይፈልጋል። ያሸነፍሽበትን መዝገብ ስታነሺ ይህ ይከብዳል። ካርታና ውል ይዘሽ ግቢ፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ስምና አድራሻ ግን ደምስሽ። የደንበኛ ምስጢር ክፍል ውስጥም፣ ጽሑፍ ላይም ምስጢር ነው።

ገንዘቡን አልሸፋፍንብሽም። ደንበኛ ያላት ጠበቃ ወደ መምህርነት ስትገባ ገቢዋ ይቀንሳል። የአንድ ዓመት የቤት ወጪ ሳታስቀምጪ ቋሚ ቅጥር እንዳትፈርሚ። ከመፈረምሽ በፊትም የጥብቅና ፈቃድሽን ይዘሽ መቀጠል ትችዪ እንደሆነ ከዩኒቨርሲቲውም ከፈቃድ ሰጪውም በጽሑፍ ጠይቂ። ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። ያንቺ ልምድ እዚያ በጣም ይፈለጋል፤ ከችሎትም አያርቅሽም።

ፍርድ ቤቶች ክረምት ላይ ሲዘጉ የመንደር ውል ያለባቸውን አሥር የተዘጉ መዝገቦችሽን አውጪ። ውሉ መቼ ተፈረመ፣ ክሱ መቼ ተከፈተ፣ በመካከል ምን ተለወጠ? መንገድ ገባ? ሻጩ ሞተ? የልማት ካሳ ተከፈለ? ይህን በሦስት ገጽ ጻፊው። አብዛኛው የሕግ መጽሔት ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንቺ ግን መጀመሪያ በሚቀልሽ ቋንቋ ጻፊው። ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።