ተሽሏቸው ሳለ የልብ ግድግዳ ለምን ይቀደዳል?

ጥያቄ፦ የ68 ዓመት አባቴን ደረታቸውን ሲያማቸው ጨጓራ ነው ብለን አንድ ቀን ተኩል ቤት አቆየናቸው። ሆስፒታል ሲገቡ ሃርት አታክ ነው ተባለ። ተሽሏቸው ሾርባ መጠጣት ጀምረው ነበር፤ በአራተኛው ቀን ድንገት ትንፋሽ አጠራቸው። በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲታይ በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ተገኘ። በማግሥቱ አረፉ። በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ቢደረግላቸው ይተርፉ ነበር?
ከአዘዞ፣ ጎንደር

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ሊተርፉ ይችሉ ነበር፤ እርግጠኛ ሆኖ «አዎ» የሚል ሐኪም ግን የለም። ያለ ቀዶ ሕክምና ከዚህ የሚተርፍ ከስንት አንድ ነው። በሠለጠኑ ማዕከሎችም ቢሆን ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 10 ሰዎች 4 ያህሉ አይተርፉም።

በሃርት አታክ የልብ ደም ሥር ሲዘጋ፣ ደም የተቋረጠበት ጡንቻ ይሞታል። በተለይ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን የሰውነት ሴሎች የሞተውን ሥጋ ያነሣሉ፤ ጠባሳው ግን ገና አልጠነከረም። ሕመምተኛው ተሻለው ሲባል ግድግዳው የሚሳሳው ያኔ ነው። ከተቀደደ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፈው ደም ሳንባን ያጥለቀልቃል፤ ሐኪሙም በማዳመጫው ትናንት ያልነበረ ሻካራ ድምፅ ይሰማል።

ቀዶ ሐኪሙ ልብን በማሽን ተክቶ ያቆምና በሞተው ጡንቻ በኩል ይገባል። ጫፍና ጫፉን ገጥሞ መስፋት አይሆንም፤ እርጥብ እንጀራ በክር እንደ መስፋት ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከበሬ የልብ ሽፋን የተዘጋጀ መጣፊያ ከቀዳዳው ራቅ ብሎ፣ ጤነኛው ጡንቻ ላይ ይሰፋል። ክሩ ሥጋውን እንዳይቆርጠው ከሥሩ የቴፍሎን ቁራጭ ይደረጋል። ክሩ ከቆረጠ ቀዳዳው ይመለሳል።

የደም ግፊቱና ኩላሊቱ ከያዙለት፣ ጫፉ እስኪጠነክር አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ መጠበቅ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ግፊቱ እየወረደ ላለ ሰው ግን መጠበቅ አያዋጣም። በጭን ደም ሥር በኩል አኦርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር) ውስጥ የሚገባ የሚነፋ ፊኛ ጥቂት ጊዜ ሊገዛለት ይችላል። የተበጠሰው የልብ ቫልቭ (የደም መተላለፊያ በር) ደጋፊ ጡንቻ ከሆነ ጊዜው ሰዓታት ነው፤ የውጩ ግድግዳ ከሆነ ብዙ ጊዜ ደቂቃዎች።

ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ቢባል በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኦክስጅን፣ በፓምፕ የሚሰጥ የወረደ ግፊትን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒትና አብሮ የሚሄድ ባለሙያ በሌለበት መንቀሳቀስ ራሱ ይገድላል።

አንድ ቀን ተኩሉን በተመለከተ፦ ራሳችሁን አትክሰሱ፣ ከጨጓራ መለየቱ ያለ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ለሐኪምም ይከብዳል። ነገር ግን የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለይ የሚጠቅመው ሕመሙ ከጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በጊዜ የተከፈተ የደም ሥር ያለው ልብ የሚቀደደው ከስንት አንዴ ነው። እንግዲህ በቤታችሁ ማንም ሰው ደረቱን ጨምድዶ ከ15 ደቂቃ በላይ ከያዘው፣ ላብና ማቅለሽለሽም ከታከለበት፣ አለርጂ ወይም የደም መፍሰስ ከሌለበት 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን አኝኮ ወዲያው ኢሲጂ ወዳለበት ይሂድ። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትስጡት፤ የጠባሳውን መጠንከር ሊያውኩ ይችላሉ።