የሚረሳ ሕይወት ትርጉም አለውን?

ጥያቄ፦ አባቴ ያረፉት ባለፈው ዓመት ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ዓይናቸው ስለደከመ ማታ ማታ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ አነብላቸው ነበር፤ ያንቀላፉ መስሎኝ ገጽ ስዘል ወዲያው ይነቁብኝ ነበር። አሁን አንድ ሐሳብ አላስቀምጥ ብሎኛል። ከመቶ ዓመት በኋላ እሳቸውንም ሆነ እኔን የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ቆይቶም ፀሐይ ራሷ ትጠፋለች። ታዲያ ያ ሁሉ ምን ትርጉም ነበረው? ለዘላለም የምንኖር ብንሆንስ መልሱ ይለወጥ ነበር?

መልስ፦ መጽናናቱን ይስጥዎት። በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል፤ አንደኛው ሐዘን ሲሆን ሁለተኛው ሐዘኑን ተገን አድርጎ የገባ ድምዳሜ ነው። ሐዘኑን በክርክር ማስወገድ አይቻልም፤ ቢቻልም መልካም አይመስለኝም። ድምዳሜው ግን መመርመር አለበት፤ ምክንያቱም የሚረሳ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው የሚለው አባባል ሲሰሙት ጥልቅ ቢመስልም፣ ረጋ ብለው ሲያጤኑት የቆመበት መሠረት አይታይም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ በዚህ ላይ ያነሣው ነጥብ አጭርና ጠንካራ ነው። ዛሬ የምናደርገው ከሚሊዮን ዓመት በኋላ ማንንም የማያሳስብ ከሆነ፣ በዚያው ስሌት ያን ጊዜ የሚሆነውም ዛሬ እኛን ሊያሳስበን አይገባም። የዘመን ርቀት ከወዲያ ሲያዩት ዋጋ የሚያሳጣ ከሆነ ከወዲህ ሲያዩትም እንደዚያው ነው። ፀሐይ የምትጠፋው ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ሳይንሳዊ እውነታ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ያለፈው ዓመት ምሽት ከንቱ ነበር ማለት ግን ሳይንስ የማያውቀው ዝላይ ነው።

እነዚያን ምሽቶች ያስቧቸው። ያነበቡት ከመቶ ዓመት በኋላ እንዲታወስልዎት ሳይሆን አባትዎ እንዲሰሙ ነበር፤ ሰሙም። ገጽ ሲዘለል መንቃታቸው ታሪኩን በጥንቃቄ ይከታተሉ እንደነበር ያሳያል (አንባቢዋንም ሳይቆጣጠሩ አልቀሩም)። ንባቡ የታሰበለትን ዓላማ በዚያው ምሽት፣ በዚያው ክፍል ውስጥ አግኝቷል። የሆነውን ነገር እንዳልሆነ ማድረግ ለአምላክ እንኳ አይቻልም የሚለው የባለቅኔው አጋቶን ሐሳብ፣ አርስቶትል የጠቀሰው ነው፤ መረሳትም ቢሆን የሚወስደው የሰዎችን ዕውቀት እንጂ የተደረገውን ነገር አይደለም።

ሮማዊው ባለቅኔ ሉክሬቲየስ ከመወለዳችን በፊት ያለፈው ዘመን ካላስጨነቀን ከሞት በኋላ የሚመጣው ለምን ያስጨንቀናል ሲል ተከራክሯል። ይህ እኔን የሚያሳምነኝ በግማሽ ነው። ከመወለዳችን በፊት የነበረው ዘመን ከማንም ምንም አልቀማም፤ ሞት ግን የተጀመረ ሥራን፣ የተለመደ ድምፅንና አብሮ መቀመጥን ይቀማል።

ዘላለማዊነትን በተመለከተ፣ እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1973 ማብቂያ የሌለው ሕይወት በመጨረሻ ወደ ከባድ መሰልቸት ይወስዳል ብሎ ነበር። ስለ መሰልቸቱ ሊያከራክሩት የሚችሉ ብዙ ናቸው፤ ለእርስዎ ጥያቄ ግን ከዚያ ያነሰ ሐሳብም ይበቃል። አንድ ምሽት በራሱ ትርጉም ከሌለው፣ እንደዚያው ያሉ ምሽቶች ማለቂያ በሌለው ብዛት ቢደረደሩ ትርጉሙ ከየት ይመጣል?

መጪው ዘመን በእርግጥ የሚያሳስብባቸው ሥራዎች እንዳሉ አልክድም። ልጅ ማሳደግ፣ ሕግ ማርቀቅ፣ መድኃኒት መፈለግ ግባቸው ከሠሪው ዕድሜ ያልፋል፤ የሚመጣ ትውልድ ባይኖር ብዙ ነገራቸው ይጎድል ነበር። እዚያም ላይ ቢሆን ጥያቄው ሥራው ለሚመጡት ይጠቅማል ወይ የሚል እንጂ ስሜ ይነሣል ወይ የሚል አይደለም። ፈንጣጣ ከምድረ ገጽ መጥፋቱን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 አውጇል። ክትባቱን ተሸክመው ከመንደር መንደር የተጓዙትን አብዛኞቹን ሰዎች ዛሬ በስም የሚያውቃቸው የለም፤ በዚህ ሳምንት የሚወለድ ሕፃን ግን ከዚያ በሽታ ተርፎ የሚያድገው በእነሱ ሥራ ነው።