ሊኑክስ ከመጫንህ በፊት ዲስኩን ቀይር

4 ጊጋ ራምና 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕህ በዊንዶውስ 10 ተንቀራፎብሃል፤ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለው ነፃ ሥርዓት ቢጫንበት ይፈጥን እንደሆነና አማርኛ ይጻፍበት እንደሆነ ነው የጠየቅኸን።

ወንድሜ፣ ትንሽ ይፈጥናል፤ ዋናው ማነቆ ግን ዲስኩ ነው። አብዛኛው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ሰሃን ስለሆነ አንዲት ፋይል ለማግኘት ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ የሚባለው፣ የሚዞር ሰሃን የሌለው ዲስክ ግን ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ይጨርሳል። ብሮውዘር ሲከፈት የሚነበበው ትናንሽ ፋይል ብዙ ነውና ልዩነቱ ወዲያው ይታይሃል።

ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ግዛ፤ 240 ጊጋ ይበቃል። ቻርጀሩን ነቅለህ፣ ባትሪውን አውጥተህ፣ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ፤ ቦርዱ ላይ የቀረው ኤሌክትሪክ ይለቃል። ብሎኖቹን እንደየቦታቸው ለይተህ አስቀምጥ፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርዱን ይወጋል። ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር ፋኑን በጣትህ ይዘህ በብሩሽ ጥረገው። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት አቧራ የዘጋው ፋን ካለ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የወጣውን ሃርድ ዲስክ ፎርማት አታድርገው፤ በዩኤስቢ መያዣ ውስጥ ስታስገባው ፋይሎችህን እንዳሉ ታገኛለህ።

ለ4 ጊጋ ራም ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለ የሊኑክስ ዓይነት ይስማማል። ፋይሉ 3 ጊጋ ገደማ ስለሆነ ዳታህን አትጨርስበት፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ከሆንክ በግቢው ዋይፋይ አውርደው። ዲስኩን ከመቀየርህ በፊት፣ ሩፈስ በሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም በ8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጻፈው፤ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ላፕቶፑ ሲነሳ የመነሻ ዲስክ መምረጫውን ቁልፍ ተጭነህ ፍላሹን ምረጥ፤ ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። ባትሪህ ቻርጅ የማይዝ ከሆነ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ጭነቱን አትጀምር።

አማርኛው ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከል ስለሆነ በደንብ ልንገርህ። ከሶፍትዌር ማኔጀር አይባስ (IBus) የሚባለውን የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራምና የኤም17ኤን (m17n) ማሟያውን ጫን፤ ከቅንብሮቹ ውስጥ የግቤት ስልቱን (Input Method) አይባስ አድርገህ ከአካውንትህ ወጥተህ እንደገና ግባ። ይህን መውጣትና መግባት የዘለለ ሰው ነው "አይሠራም" የሚለው። ቀጥሎ አይባስ ውስጥ "ሴራ" (sera) የሚባለውን የአማርኛ አጻጻፍ ጨምር። እንደሚሰማህ በላቲን ፊደል ትጽፋለህ፤ ትንሹ ቲ "ት"ን፣ ትልቁ ቲ "ጥ"ን ይሰጥሃል።

የበለጠ የሚያሳስበኝ የድሮ ጽሑፎችህ ናቸው። ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደል ኮድ) ባልሆነ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ሊኑክስ ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ስለሌለ ነው። ዲስኩን ከመቀየርህ በፊት ዊንዶውስ ላይ እያለህ ሰነዶቹን ፒዲኤፍ አድርገህ አስቀምጥ፣ የፎንት ፋይሎቹንም ቅዳቸው። ሊኑክስ ላይ ፎንቶቹን ስትጭን ሊብሬኦፊስ ሰነዱን በትክክል ያሳይሃል። አዲሱን ጽሑፍ ግን በዩኒኮድ ብቻ ጻፍ።

ራሙን ወደ 8 ጊጋ ልታሳድግ ካሰብክ መጀመሪያ አሮጌውን አውጥተህ ጽሑፉን አንብብ። 1.35 ቮልት ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ባለ 1.5 ቮልቱ ዲዲአር3 ራም ሲሰካበት ላይነሳ ይችላል። የላፕቶፑን ሞዴል ከነቁጥሩ ብትጽፍልን የትኛው እንደሚገባበት እንነግርሃለን።