ደብተርና ደብተራ ምንና ምን ናቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። የምኖረው ዱባይ ነው። ቢሮዬ ውስጥ አረቦቹ የሒሳብ መዝገቡን «ደፍተር» ይሉታል። ጓደኛዬ «ቃሉ ከእኛ የሄደ ነው፤ ከደብተራ ነው የመጣው፤ ደብተራ ጸሐፊ አይደል?» ብሎ ድርቅ አለ። እውነት ከእኛ ወስደው ነው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ግማሹን አግኝቷል። ቃላቱ ዘመዳሞች ናቸው። አንዱ ግን የሌላው ልጅ አይደለም። የሁለቱም አያት «ዲፍቴራ» የሚለው የግሪክ ቃል ነው። የለፋ ቆዳ ማለት ነው።

ደብተራ በግዕዝ መጀመሪያ ድንኳን ነው። ደብተራ ኦሪት ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው። ሊቁ በዚህ ስም መጠራቱ በድንኳን ውስጥ ከሚሰጠው የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ጋር ተያይዞ ይነገራል። ስለዚህ በስሙ ውስጥ ብዕርና ቀለም የለም።

ሌላው የቃሉ ጉዞ በምሥራቅ በኩል ነው። ቆዳ መጻፊያም ነበር። የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው፣ የኢዮንያ ግሪኮች ፓፒረስ (ከደንገል የሚሠራ መጻፊያ) ሲያጡ በፍየልና በበግ ቆዳ ይጽፉ ስለነበር መጽሐፍን «ቆዳ» ይሉት ነበር። ፋርሶች ቃሉን ወርሰው «ደፍተር» አሉት። ከእነሱ ወደ አረብኛ ገባ። የግብርና የደመወዝ መዝገብ ስም ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ታሪኩ ደስ ይላል። አረቦች በ7ኛው መቶ ዘመን ሶርያንና ኢራቅን ሲይዙ የግብር መዝገቡን ቋንቋ አልነኩትም። የድሮዎቹ ጸሐፊዎችም ከወንበራቸው አልተነሡም። የደማስቆው መዝገብ በግሪክ፣ የኢራቁ በፋርስኛ ይጻፍ ነበር፤ 60 ዓመት ገደማ እንዲሁ ቆየ። በደማስቆ የሒሳቡ ሹም ሰርጁን የሚባል ክርስቲያን ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሊቅ የዮሐንስ ዘደማስቆ አባት ነው።

ኸሊፋው አብዱልመሊክ ይህን ለወጠው። የኢራቁ መዝገብ በ697፣ የሶርያው በ700 እ.አ.አ. ወደ አረብኛ ዞረ። ምክንያቱን የ9ኛው መቶ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ አል-በላዙሪ እንዲህ ይተርካል፦ አንድ ግሪካዊ ጸሐፊ ለቀለሙ ውኃ ቢያጣ ቀለም መያዣው ውስጥ ሸናበት። ኸሊፋው ይህን ሲሰማ ተቆጣና መዝገቡ እንዲዞር አዘዘ። እኔ ይህ ለወሬ የሚመች ምክንያት ይመስለኛል። አብዱልመሊክ በዚያው ዓመታት የገንዘቡንም ጽሑፍ በአረብኛ አድርጎታል፤ ነገሩ በአንድ ባለጌ ጸሐፊ የተጀመረ አይደለም። ሰርጁን ግን ለባልደረቦቹ «እንግዲህ ሌላ እንጀራ ፈልጉ» አላቸው ይባላል።

በኢራቅ ሥራውን የሠራው ሷሊሕ የሚባል ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ጸሐፊ ነው። እንደ አል-በላዙሪ፣ የቀድሞው የመዝገብ ሹም ልጅ መጥቶ «ክፍልፋዮቹን በአረብኛ እንዴት ልትጽፋቸው ነው?» ብሎ ጠየቀው። መለሰለት። ቀጥሎ «አልቻልኩም በል እንጂ» ተብሎ 100,000 ድርሃም ቀረበለት። እምቢ አለ። ጥያቄው ግን ቀላል አልነበረም፤ ቋንቋ ሲቀየር መጀመሪያ የሚያስቸግረው ቁጥር ነው። በግብፅ በአረብኛ የተጻፉ ፓፒረሶች ላይ የግሪክ ቁጥሮች ረጅም ጊዜ ቀጥለው ይታያሉ። የእኛዎቹ ፩፣ ፪፣ ፫ም ከግሪክ ፊደላት ነው የመጡት። በዚህም ዘመዳሞች ነን።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። አማርኛ ደብተርን የወሰደው ከአረብኛ ነው፤ ብቻውንም አልመጣም። ወረቀት፣ ሰነድና ወኪልም የአረብኛ ናቸው። ጉምሩክ ደግሞ የቱርክ ነው፤ እሱም ሥሩ ግሪክና ላቲን ጋ ይደርሳል። መዝገብ ግን የግዕዝ ነው፤ የጥንት ትርጉሙ የሀብት ማከማቻ ነበር።

«ፍ» ለምን «ብ» ሆነ? የእኔ ግምት ነው፤ ደብተራ የሚለው ቃል ቀድሞ አፋችን ላይ ስለነበር እንግዳውን ወደ ራሱ ሳበው። ጓደኛዎን ያሳሳተውም ይኸው መመሳሰል ሳይሆን አይቀርም።

አጻጻፉ ላይ አይጨነቁ። በአማርኛ ደብተር ነው። አረቦቹ ስለሚሉት ብለው «ደፍተር» ብለው አይጻፉ። ዛሬ ቃሉን ስንሰማ የሚመጣብን ተማሪ ነው፤ የድሮ ሥራውን ግን አልተወም። የባንክ ደብተር እንላለን። የሱቅ ባለቤት የዱቤ ደብተር አለው። ገጠር ሄደው «ደብተር አለህ?» ቢሉ ገበሬው የልጁን አያመጣልዎትም። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫውን ነው የሚያወጣልዎት።